ቆሟል ያልኳት ዋጋ

ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባባት የምትሞላ የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። ዘይት በሲኒ እሸጣለሁ፣ ስኳር በፌስታል ቋጥሬ እሸጣለሁ፣ ሳሙና ከሁለት ከፍዬ ግማሹን እሸጣለሁ። ሙሉ ሳሙና ስጠኝ የሚል ሰው ሲመጣ ሠርግ አለባችሁ እንዴ እለዋለሁ። ለቀልድ ነው፤ የሚስቅልኝ ግን የለም።

ሥራዬ ከጧት እስከ ማታ «ጨምሯል» ማለት ነው። ሰዉ ደግሞ የጨመርኩበት እኔ ይመስለዋል። ትናንትና በዚህ ዋጋ አልነበረም ወይ ብሎ ዓይኑን ያፈጥጥብኛል። ነበር፤ ትናንትና ነበር። እኔ ምን ላድርግ? ወልድያ ወርጄ ዕቃ ሳወጣ ነጋዴው የነገረኝን፣ መኪናው የጠየቀኝን፣ ጫኝና አውራጁ የነጠቀኝን ደምሬ ነው ይዤ የምመጣው። አንድ ካርቶን ዘይት ሸጬ አተረፍኩ ብዬ ልተካው ስወርድ፣ ትርፉም ዋናውም አንድ ላይ ሆነው ያንኑ ካርቶን አይመልሱልኝም። ቆሽቴ ባረረ ቀን ሱቁን ዘግቼ እወጣለሁ፤ የምሄድበት ስለሌለኝ ትንሽ ዞሬ ተመልሼ እከፍታለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ሱቄ ለማማረር አይደለም፤ ስለ እናቴ ለመናገር ነው። ደንበኞቼ ሁሉ ዋጋ ቆልለህ ትዋሸናለህ ይሉኛል። ወላዲቷን፣ እነሱን ዋሽቼ አላውቅም። በዕድሜዬ በዋጋ የዋሸሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም እናቴ ናት፤ የዋሸኋትም አሳንሼ ነው።

እናቴ የምትኖረው ገነተ ማርያም አጠገብ፣ እኔ በተወለድኩበት መንደር ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። መሬቷን አንድ ዘመዳችን የእኩል ያርስላታል፤ እኔ ደግሞ በየወሩ ስንዴ እልክላታለሁ። ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። እኛ ዘንድ ኑሪ ብዬ ስንቴ ለመንኳት፤ ደጀ ማርያምን ትቼ የት ልሄድ አለችኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆዴን ታመምኩ። ቁርጠት ነው፣ ያልፋል እያልኩ ስጠብቅ ለካ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ኖሯል። ሐኪም ቤት ስገባ ሰው አልመስልም ነበር አሉ። እናቴ ወሬው ደርሷት መጣች፤ ውስጥ አታስገቧት ሲባል ከግቢው በር ላይ ተንበረከከችና ፊቷን ወደ ገነተ ማርያም አዙራ ተሳለች። ልጄን ብታስነሺልኝ ባለ ወርቅ ዘርፍ የከፋይ ጥላ አገባልሻለሁ አለች። ከወለደቻቸው ልጆች የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጥላ ስል ለዝናብ የሚያዘውን አይደለም፤ ታቦት ሲወጣ ካህናቱ ከላይ የሚዘረጉትን ነው። የከፋይ ጨርቁ ወፍራም ነው፣ እጅ ይሞላል፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ ይንጠለጠልበታል። በዚያን ጊዜ ዋጋው ሁለት ፍየል ነበር፤ አስጠይቃ አረጋግጣለች። ከአልጋ ሳልነሳ ሁለት ፍየሎቿን ሸጠች። ቁስሌ ይጠግግና ራሴ ወልድያ ወርጄ ላምጣልሽ አልኳት። ቁስሌ ሳይጠግግ አገሩ ተረበሸ፤ መንገዱም ባንኩም ሱቁም ተዘጋ። ብሩን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው። መንገድ ተከፍቶ ወልድያ ስወርድ ያ የሁለት ፍየል ብር የጥላውን ግማሽ እንኳ አይገዛም ነበር።

የተጣላነው ያኔ ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ቁጭ ያለ ብር እንደሚሟሟ አውቃለሁ። ይህን ብር ስጪኝና ጊደር ልግዛበት፣ ወይ ዘይት ልግዛበትና ሱቅ ይቀመጥ፤ ዘይቱ ሲወደድ የአንቺም ብር አብሮ ይጨምራል አልኳት። የሰደብኳት ያህል ነው ፊቷ የተለወጠው። «የእመቤቴን ብር ልነግድበት?» አለችኝ። በእኛ አገር አንዴ ለማርያም የተባለ ብር የማርያም ነው። አይበደሩትም፣ አያበድሩትም፣ አይነግዱበትም። ሌላው ቀርቶ መቶውን ወስደሽ በሃምሳ ዘርዝሪልኝ ብትላት እንኳ አትሰጥህም። የንስሐ አባቷን ለምኜ ነበር፣ እባክዎ ይንገሩልኝ ብዬ። «እኔስ እፈቅድላት ነበር፤ እሷ ግን ለራሷ አትፈቅድም» አሉኝ።

ብር ብትሳል ኖሮ ያን ብር ሰጥታ ትገላገል ነበር። የተሳለችው ግን ዕቃ ነው፤ ዕቃው ሲወደድ ስለቱም አብሮት ይወደዳል። የቻልኩትን ተቀበዪኝ አይባልም። ያልገባ ስለት ደግሞ፣ በእሷ ቤት፣ የተሰጠውን መልሶ ይወስዳል። የተሰጣት እኔ ነኝ። እኔ ትንሽ ባስነጠሰኝ ቁጥር እናቴ ደንግጣ ታማትባለች። ጥላው ሳይገባ እሷ ብትሞት እኔም አልሰነብትም ብላ ነው የምታምነው። ሞኝነት ነው ብዬ ልስቅባት እችል ነበር፤ ግን ስለ እኔ የምትፈራ ሰው ላይ እንዴት ይሳቃል?

እንዲህ ሆነን ከረምን። ወልድያ ደርሼ በመጣሁ ሰሞን እሁድ ልጠይቃት ስሄድ፣ ገና ደጃፉ ላይ ድምፄን ስትሰማ «ስንት ገባ?» ትለኛለች። እንዴት ሰነበትክ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔም እውነቱን እነግራታለሁ፤ ጨምሯል። አሁንም? አሁንም። ነዳጁ ነው፣ ዶላሩ ነው፣ ጨርቁ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው እላለሁ። እሷ ከዶላር ጋር ምን አገናኛት? ዕንቁላል ሸጣ፣ ጌሾ ሸጣ፣ ወር ሙሉ ያጠራቀመቻትን እኔ በአንድ ቃል አጠፋባታለሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ ራሴን እጠላው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቷ ይዛት ገበያ መጣችና ሱቄ ውስጥ አረፍ አለች። ራዲዮው ተከፍቷል። የዋጋ ግሽበት ምጣኔ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ቀንሷል አለ። እናቴ ቀና አለች። «ወረደ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ ይህን ነገር እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ዳገቱን እየሮጠ ይወጣ የነበረ ሰው አሁን በእርምጃ ይወጣል ማለት ነው፤ ቁልቁል አልዞረም። አምና እጥፍ የሆነው ዘይት ዘንድሮም እጥፍ እንደሆነ ነው፤ የሚጨመርበት ነው ያነሰው። በዚያው ጧት አንዲት ደንበኛዬ ራዲዮው ቀነሰ እያለ አንተ ምን ቆርጦህ ትጨምራለህ ብላኝ፣ ይህንኑ ሳስረዳት ጉሮሮዬ ደርቋል። ለእናቴም ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ግን ፊቷን አየሁት። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ በርቶ አላየሁትም።

«አዎ፣ ቆሟል» አልኳት። «ጥላውም ቆሟል። ከእንግዲህ አይጨምርም።»

እመኑኝ፣ ክፋት አልነበረኝም፤ አንጀቴን በልታው ነው። ደግሞም፣ ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ የት ትደርሳለች ብዬ ነው። የቀራት ብዙ ነው፣ ዕድሜዋም ገፍቷል፤ ተስፋ ይዛ ብትኖር ማንን ይጎዳል አልኩ። በዚህ ዘመን ያለ ክፍያ የሚገኝ ነገር ተስፋ ብቻ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ስትሰማ ደስ አላላትም፤ ሄደህ ንገራት፣ በኋላ ይከብድሃል አለችኝ። እሺ አልኳት። አልነገርኳትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። እሁድ ስሄድ ያው ነው ወይ ትለኛለች፤ ያው ነው እላታለሁ። ትስቃለች። ስለ መንደሩ ሰው ታወራኛለች፣ በእኔ ቦርጭ ትቀልዳለች፤ ቦርጭ ኖሮኝ አይደለም፣ ደስ ብሏት ነው። እኔም ውሸቴን እየወደድኩት ሄድኩ። መንደራችን ውስጥ የከፋይ ጥላ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ወልድያ ስወርድ በንዋየ ቅድሳት መሸጫው በኩል አላልፍም፤ ዞሬ ነው የምሄደው። ዋጋውን ካላወቅሁት የማልዋሽ ይመስለኝ ነበር።

ከስታለች። አይቻለሁ። ክንዷን ስይዛት ነጠላዋ ውስጥ አጥንት ብቻ ነው የሚያዘው። እርጅና ነው አልኩ፤ ጾም ታበዛለች አልኩ። ስንዴውን እንደሆነ አንድም ወር አጓድዬባት አላውቅም። ሱቄ እየሳሳ፣ መደርደሪያዬ ከላይ ጀምሮ ባዶ እየሆነ እንኳ የእናቴን ስንዴ አላስቀረሁም። በዚህ እኮራም ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው ገና ሰሞን፣ ከተማው በምእመን በተጨናነቀበት ቅዳሜ፣ እናቴ በጎረቤቷ ተይዛ ሱቄ መጥታ ከብብቷ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች። «ሞልቷል» አለችኝ። «ለጥር ማርያም አድርስልኝ።»

ቆጠርኩት። እኔ ቆሟል ያልኳት ዋጋ ነው፤ አንድ ብር አልጎደለም። ከየት አመጣሽው አልኳት። እመቤቴ ታውቃለች አለችና ወደ ላይ አመለከተች። ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሦስት ሰው ቆሞ ነበር፤ አንዱ ክብሪት ይላል፣ አንዷ ጨው ትላለች፤ እናቴ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ደስታዋን መያዝ አቅቷታል። እሺ፣ አመጣለሁ አልኳት።

ወልድያ ስገባ እግሬን እየጎተትኩ ወደዚያ መሸጫ ሄድኩ። ነጋዴው ዋጋውን ሲነግረኝ ደግመህ ንገረኝ አልኩት። የእናቴ ብር ሲሦውን አይሞላም። ዘይትና ሳሙና ልገዛበት የያዝኩትን በሙሉ ጨመርኩ፤ ግማሽ አልደረሰም። በዱቤ ስጠኝ አልኩት። እኔም ነገ የማመጣበትን ዋጋ አላውቅ፣ እንዴት ብዬ ልስጥህ አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እኔም ለደንበኞቼ የምለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ከጀርባው አንድ ሌላ ጥላ አወጣ። ቅርጹ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ዘርፉም ያብለጨልጫል፤ ጨርቁ ግን ቀጭን የሚያንሸራትት ነገር ነው። «ከሩቅ አይለይም» አለኝ። እናቴ ከቅርብም አታይም ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልመከረኝም። ገዛሁት።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጥላውን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ይዤ መንደር ደረስኩ። መንገድ ላይ ጎረቤቷ አገኘችኝና ወደ ጎን ወሰደችኝ። እናትህን አንድ ነገር በላት አለችኝ። የምትልክላትን ስንዴ አንድ ቁና አስቀርታ ሌላውን ገበያ ታወጣዋለች፤ ከራዲዮው ቀን ጀምሮ ምሳ የሚባል አታውቅም፤ ማታም በሶ በጥብጣ ነው የምትተኛ፤ እንዳትነግሪው ብላ አስምላኝ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት አለችኝ። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የምልከው ስንዴ ተመልሶ ብር እየሆነ፣ ያ ብር ሣጥን ውስጥ እየሟሟ፣ እናቴ ከሥጋዋ ቆርሳ እየጨመረችበት ነበር። ዋጋው ቆሟል ስላልኳት ደረስኩበት ብላ ነው የተራበችው። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ተስፋ ቆርጣ ምሳዋን ትበላ ነበር።

ይህን ሰምቼ እንዴት ልንገራት? አልቻልኩም። ጥላውን ከነላስቲኩ ሰጠኋት። አቧራ እንዳይነካው ነገ ነው የሚፈታ አልኳት። ከአልጋዋ ራስጌ አቁማው ደጋግማ ተሳለመችው።

በማግስቱ ጥር ሃያ አንድ ቀን ገነተ ማርያም ሄድን። ስለት የሚያስገባው ሰው ዕቃውን ይዞ ተሰልፏል፤ መጋረጃ የያዘ አለ፣ ምንጣፍ የተሸከመ አለ፣ ጧፍ ያቀፈ አለ። ድሮ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ ይጠማዘዝ ነበር፤ ዘንድሮ አጭር ነው። አንድ ቄስ በድምፅ ማጉያ የእያንዳንዱን ሰው ስለት ይናገራሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ከፊታችን ሁለት ሰው ሲቀር አንድ ዲያቆን መጥቶ ላስቲኩን አወለቀና ጥላውን መልሶ እናቴን አስታቀፋት።

እጇ ጨርቁ ላይ አረፈ። ወደ ላይ ዳሰሰችው፣ ወደ ታች ዳሰሰችው። ከፋይ በአንዱ በኩል ስትዳብሰው ይተኛል፣ በሌላው ይቆማል፤ ይህ በሁለቱም በኩል ያንሸራትታል። ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ከሰልፉ ወጣች። ከኋላ ያሉት ሰዎች ራሷን አዙሯት ነው ብለው መንገድ ለቀቁላት። ይዣት ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

«አታለሉህ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። «ይኼ እኮ ከፋይ አይደለም።»

ቁጣ የለባትም። ለእኔ አዝና ነው የጠየቀችኝ፤ ወልድያ ላይ ተሞኝቼ ብሬን የበሉኝ መስሏት። አዎ ብል ያልፍ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የያዝኩት ክንድ እጄ ውስጥ ምንም አልነበረም፣ አልቻልኩም። አልተታለልኩም እናቴ፣ እኔ ነኝ ያታለልኩሽ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ራዲዮው ያለውን፣ እኔ ያልኳትን፣ ጥላው አንድ ቀን እንኳ ቆሞ እንደማያውቅ፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ። ዋጋውን ስነግራት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከቀራት ዕድሜ ጋር እያስተያየችው ነበር መሰለኝ። ቶሎ አቆመች።

የንስሐ አባቷ ከሰልፍ መውጣቷን አይተው መጡ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው። ጥላውን ገልጠው አዩትና እመቤታችን የምታየው ልብሽን ነው፣ ምንም አይደለም፣ አስገቢው አሏት። እናቴ ተነስታ መስቀላቸውን ተሳለመች። «እርስዎ ያውቃሉ አባቴ። እኔ ግን ከፋይ ነው ያልኳት» አለቻቸው። እሳቸውም ብዙ አልተከራከሩም፤ ራሷን ባርከው ሄዱ።

እልልታው ከወዲያ ይሰማል። ሌሎች ሰዎች ስለታቸውን እያስገቡ ነው። እኔ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በዪኝ እያልኩ አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል አላልኩም። ራሴን በእጇ ዳሰሰችው። ጸጉሬን፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፤ መኖሬን እንደሚያረጋግጥ ሰው ነበር የምትዳስሰኝ።

«አስቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ» አለችኝ፣ «እየበላሁ እጠብቅ ነበር።»

ጥላውን ሳናስገባ ወደ ቤት ይዣት ተመለስኩ። ጎረቤቷ ሽሮ ሠርታ፣ ቅቤ ጣል አድርጋበት፣ ከትኩስ እንጀራ ጋር አመጣችልን። አጠገቧ ተቀምጬ በእጄ አጎረስኳት። አንድ ጎረሰች፤ ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ አላምጣ በጭንቅ ዋጠችው። ሦስተኛውን ስዘረጋላት እጄን ቀስ ብላ መለሰችው። ብዪ እንጂ እናቴ፣ እባክሽ ብዪ አልኳት። «ሆዴ እንቢ አለኝ» አለች።